የማርሊስ ጋቢና

በትንሿ ከተማችን በሊፓ ቀን ቀን የሚውለውን ሰው በጣት ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ የመቃብሩን ሣር የሚያጭደው ሰውዬ፣ ጡረተኞቹ፣ የትምህርት ቤት ልጆችና እኔ። የቀረው በሙሉ ገና ሳይነጋ መኪናውን አስነስቶ ለሥራ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ሊንከን ይከንፋል። በማለዳ የወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ብትቆሙ ቀያዮቹ የኋላ መብራቶች ተከታትለው በእህል ጎተራው ጥግ ሲታጠፉ ታያላችሁ። ማታ ደግሞ በዚያው ጥግ ይመለሳሉ። መግቢያችን ላይ የተተከለው ሰሌዳ የሕዝባችንን ብዛት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የሚያድረውን ነው። የሚውለውን ጻፉ ቢባል ሰሌዳ መትከሉም ባላስፈለገ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የመስኮት ፋብሪካው ሳለ ግማሹ ከተማ እዚያ ይሠራ ነበር፤ ባሌ ኤልዊን ኮቫንዳም እዚያ ነበር። ቀትር ላይ የእሳት አደጋ ጣቢያው ጡሩምባ ሲጮህ በእግሩ ወደ ቤት ይመጣና የሠራሁለትን እየበላ የፋብሪካውን ወሬ ያራግፍልኛል። እገሌና እገሌ ተኳረፉ፣ አለቃው ራሱ መስታወት ሰበረና በሌላ ሰው አላከከ፣ የማይለው የለም። ጎርሶ ሲያወራ እቆጣው ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሽኖቹን የሚጭን መኪና መጣ፤ ሰዎቹን የሚጭን ግን አልመጣም። ሁሉም በየራሱ መኪና ሄደ። ኤልዊንም ሊንከን ውስጥ አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ሥራ አገኘ።

እኔ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ የጣድኩት ውሃ ሳይፈላ ይደረሳል። በዚህ የሚቀናብኝ ሰው ብዛቱ! በረዶ ወርዶ ሰው ሁሉ መኪናውን በአካፋ እየዛቀ ሲራገም እኔ ሻርፔን ጠምጥሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሽር እያልኩ እገባለሁ። «ትዋይላ የታደለች» ይሉኛል። የታደልኩትን እኔ ነበርኩ የማውቀው። ባሌ ማታ ይገባል፣ ኮቱን ይሰቅላል፣ ይበላል፣ ወንበሩ ላይ ይወድቃል።

«እሺ፣ ዛሬ ምን አለ?» እለዋለሁ።

«ምንም።»

«መንገዱስ?»

«ያው ነው።»

ከዚያ እንቅልፍ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ባሌ ወሬ አልቆበት ሳይሆን ወሬውን ሌላ ቦታ አራግፎ እንደሚመጣ የሰማሁት ከሁሉ መጨረሻ ነው።

የሰማሁትም ጥቅምት ላይ ቤተ ክርስቲያናችን በሚያዘጋጀው የመከር እራት ላይ ነበር። የተጠበሰ ዳክዬ፣ ጎምዛዛ ጎመንና በእንፋሎት የበሰለ የሊጥ ድቡልቡል አለ፤ ድቡልቡሉን የማካፍለው እኔ ነኝ። ደልበርት ዚማ ሳህኑን ዘረጋልኝ። ደልበርት ለጡረታ አንድ ሐሙስ የቀረው ሽማግሌ ሲሆን ሊንከን የሚመላለሰው በእኛ መኪና ነው። ሦስት ናቸው። ኤልዊን ይነዳል፣ ማርሊስ ፕሮካፕ ጋቢና ትቀመጣለች፣ ደልበርት ከኋላ ያንኮራፋል።

«ስሚ እንጂ ትዋይላ» አለኝ፣ «ይሄ ባልሽ ሬዲዮ ውጧል እንዴ?»

«የቱ ባሌ?»

«ስንት አሉሽ? ኤልዊን ነዋ! እሱና ማርሊስ ከዚህ እስከ ሊንከን አያርፉም እኮ። ጉርር ጉርር፣ እንደ እርግብ። እኔማ እሹሩሩ የሚሉኝ ነው የሚመስለኝ፣ እንቅልፍ ጥርግ አድርጎ ይወስደኛል።»

«ምን ያወራሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተኝቼ። አንድ ቀን ብቻ ብንን ስል እጇ ክንዱ ላይ ነበር።» ጥቅሻውን ጣል አደረገና ሳቀ። «አይዞሽ፣ በጓንት ነው! ጨምሪበት እንጂ መረቁን።»

ጨመርኩለት። አናቱ ላይ ሳይሆን ሳህኑ ላይ ማፍሰሴን እንደ ጽድቅ ቁጠሩልኝ።

ቀና ስል ማርሊስ ከአዳራሹ ማዶ ቆማ ቡና ትቀዳለች። ማርሊስን ከልጅነት ጀምሮ አውቃታለሁ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ዘመናዊ ልብስ ቢሰጧት እንኳ የማታምርበት ሴት ናት ብዬ ነበር የማስባት፤ ያን ማታ ግን አንገቷ ረጅም ሆኖ ታየኝ፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ፣ ሰው ጠጋ ብሎ እንዲሰማው የተሠራ። ባሏ ሬይመንድ በዚያው የሊንከን መንገድ ላይ የእህል መኪና ገጭቶት ከሞተ ጀምሮ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ሰው ካላደረሳት ሥራ የላትም። ሁላችንም እናዝንላት ነበር። እኔ ከዚያ ማታ ጀምሮ ማዘኔን አቆምኩ።

ቤት ስንገባ ኤልዊን ጫማውን ሳያወልቅ ያዝኩት።

«መኪና ውስጥ ምንድን ነው የምታወሩት?»

«እነማን?»

«አንተና ማርሊስ።»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። «ስለ መንገዱ» አለ።

«አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መንገድ?»

«ረጅም መንገድ ነው፣ ትዋይላ።»

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። አልጋ ላይ አብሯት ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ልብሱን በረንዳው ላይ እወረውርና ከተማው ቆሞ ያያል፣ ያልቃል። ይሄኛው ግን ለዳኛም ለቄስም አይነገርም። ባሌ ያወራላታል ብዬ ማን ጋ ልክሰስ? የእኔን ድርሻ ነበር የምትበላው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ትበላና ለእኔ የሚደርሰኝ «ምንም» ነው።

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ነገር ይገጥምልኝ ጀመር። ኤልዊን ከመሸ የትም መሄድ ትቷል። እህቴ ቤት እንሂድ ስለው ቁልፉን ይሰጠኝና «አንቺ ንጂ፣ ደክሞኛል» ይላል፤ መንገዱን ሁሉ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ለእሷ ይነዳል፣ ለእኔ ይተኛል አልኩ። አንድ ቅዳሜ ማርሊስ ፖስታ ቤቱ በር ላይ አገኘችኝና ኮላች የሚባለውን በፕለም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ በሳህን ሰጠችኝ።

«ኤልዊንን ማታ ማታ አታስመሺው እንጂ» አለችኝ፣ «ሳይተኛ ሲቀር ጠዋት ላይ በጣም ይቸገራል።»

«እንዲህ ነው?»

«እ… ደክሞት አይቼው ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ ማርሊስ፣ ሌላስ? ምሳውን ስንት ሰዓት ላብላው?»

ፊቷ ቀላ። ኮላቹን ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት። እሱም ወዶ በላው፣ ከሃዲ።

ኅዳር ሲገባ ደልበርት ጡረታ ወጣ፤ የኋላው ወንበር ባዶ ሆነ። በሊፓ ባዶ ወንበር የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ጠያቂ ይመጣል። ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ኤልዊንን «ያዝልኝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ። ሊንከን ሥራ አግኝቻለሁ።»

ማንኪያው አፉ ደርሶ ቆመ። ሥራውን በእርግጥ አግኝቼ ነበር፤ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ኃላፊነት የሌለበት፣ ድንች መላጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ልልቀቅ ስለው «ትዋይላ፣ ታመሻል?» ነበር ያለኝ። ልጆቹ ከዓመት ዓመት እያነሱ ስለሆነ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንደማይቀጥሩ፣ ምሳውን ከጎረቤት ከተማ እንደሚያስመጡት ነገረኝ። ከለቀቅሽ መመለሻ የለም ማለቱ ነው። እያወቅኩ ለቀቅኩ። ከተማው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ። ከመንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የሚደውሉት ሰዎች ሥራ በምን ትሄጃለሽ፣ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ ብለው ይጠይቃሉ፤ ለምን ትሄጃለሽ የሚል ጥያቄ የላቸውም፤ ደግነቱ።

«ለምን?» አለኝ ኤልዊን።

«ለለውጥ።»

«ትዋይላ፣ መንገዱ እኮ…»

«መንገዱ ምን?»

እኔን ሳይሆን ማንኪያውን አየው። «ረጅም ነው» አለ። ያን ሌሊት ሲገላበጥ ይሰማኝ ነበር። ጎሽ፣ ተገላበጥ፣ አልኩ በሆዴ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከኤልዊን ቀድሜ ወጥቼ ጋቢና ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቀበቶዬን አስሬ፣ እንደ ሙሽራ። ኤልዊን በሩን ከፈተና ሲያየኝ ደነገጠ።

«ትዋይላ… ጋቢና ማርሊስ ነው የምትቀመጠው። ከኋላ ያዞራታል።»

«እኔንም ያዞረኛል።»

«አንቺን መቼ አዙሮሽ ያውቃል?»

«የሰማሁትን ከሰማሁ ጀምሮ ያዞረኛል። ንዳ!»

ማርሊስ ቤት ስንደርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው የጋቢናውን በር ከፈተችና እኔ ላይ ደረሰች። በጨለማ እንኳ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። «እንደምን አደራችሁ» አለች። ወደ እኔ አይደለም የምታየው፤ ከእኔ በላይ አልፋ ኤልዊንን ነው። እሱ መሪው ላይ አቀርቅሯል። እንዲህ ሰው ፊት ለፊቴ በዓይን ሲነጋገርብኝ መጀመሪያዬ ነው፤ ደሜ ፈላ። በሩን ከእጇ ስቤ ዘጋሁት። ከኋላ ገባችና መሐል ላይ፣ በሁለቱ ወንበሮች ክፍተት አጮልቃ ተቀመጠች።

ጎተራውን አልፈን ዋናው መንገድ ላይ ወጣን። ማንም ትንፍሽ አላለም። የድል ዝምታ ነው ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። አውሩ እስኪ አሁን! ጉርር ጉርር በሉ! ኤልዊን ግን የሚነዳው እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ፣ እያንባረቀ ያልፈናል። መብራቱ ስፖኪዮው ላይ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል፤ ፊቱ ላይ ላብ አለ፣ በኅዳር ብርድ።

«ኩርባው» አለች ማርሊስ ቀስ ብላ፣ ትንፋሿ ጆሮዬን እየነካኝ።

«ኩርባውን ከአንቺ በፊት ያውቀዋል» አልኳት። «እዚሁ ነው ተወልዶ ያደገው።»

ትንሽ ሄድን። ከፊታችን በቀኝ በኩል፣ የታጨደው የበቆሎ ማሳ ጥግ ላይ፣ አጋዘኖች ቆመው አየሁ። አንዷ ወደ መንገዱ አንገቷን አስግጋለች። አየኋቸውና ምንም አልተናገርኩም። ለምን እናገራለሁ? ሹፌሩ ያያል እንጂ። የዚህ አገር ሰው በኅዳር አጋዘን ካላየ ምን ያያል?

«በቀኝ! ሁለት! ፍሬን ያዝ፣ ኤልዊን፣ ያዝ!»

የማርሊስ ጩኸት ነው። ኤልዊን ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ተንሸራቶ የመንገዱ ዳር ላይ ቆመ። ቦርሳዬ ተገልብጦ ምሳዬ እግሬ ሥር ተበተነ። አጋዘኖቹ አልሸሹም። ከቀኝ መብራታችን ዳር፣ እጄን በመስኮት ብዘረጋ የምነካቸው ያህል ቀርበው ቆመዋል።

«ሄዱ?» አለ ኤልዊን።

እኔን አልነበረም የጠየቀው። አንገቱን ወደ ኋላ አዘንብሎ ነው የጠየቃት፣ ልጅ እናቱን እንደሚጠይቅ።

«ገና ናቸው። ከቀኝ መብራቱ ጎን ቆመዋል» አለች። «ጠብቅ። አሁን ትልቋ ሄደች። ሁለተኛዋም… ተከተለቻት። አለቀ፣ ተንፍስ።»

የባሌን ፊት አየሁት። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል፣ አጋዘኖቹ የቆሙበት ቦታ ላይ አንዴም አላረፈም። ያን ጊዜ ገባኝ።

«አታይም» አልኩት።

እጁን ከመሪው አላነሳም።

«ኤልዊን፣ አታይም እንዴ!»

«ቀን አያለሁ» አለ። «ሲጨልም ነው። መሐሉን አያለሁ፣ ዳር ዳሩ ግን የለም። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ዓመት።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። የሚድን አይደለም፣ በጨለማ አትንዳ ነው ያለው።»

ጮህኩ። የጮህኩትን ሁሉ አልጽፈውም፣ ቄሳችን ያነቡት ይሆናል። «አንተ ሰው! ደልበርትን የሚያህል ሽማግሌ ከኋላ አስተኝተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር የምትነዳው? ሰው ልትገድሉ ነበር! ሁለታችሁም! አንቺስ ማርሊስ፣ በሬይመንድ የደረሰው አልበቃሽም?»

«እናውቃለን» አለች ማርሊስ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «በየቀኑ ነው የምናውቀው። እሱ ካልነዳ ሥራ የለውም፤ እኔም የለኝም። እኔ መሪ አልጨብጥም፤ እሱ አያይም። ዕውርና ሽባ ተደጋግፈው ሄዱ እንደሚባለው ነው። በየቀኑ የዛሬን ብቻ እንላለን።»

ስለ መንገዱ ነው የምናወራው ያለኝ እውነቱን ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ መንገዱን ነበር የምትነግረው። ኩርባ፣ የወተት መኪና፣ ብስክሌት፣ ከግራ የሚወጣ ትራክተር። ክንዱን የያዘችውም ሊፈጠን የማይገባው ቦታ ላይ ነው። ይህን ስሰማ ቅናቴ የወጣልኝ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ቢስማት ይሻለኝ ነበር። ለእሷ የሰጣት ፍርሃቱን ነው። ፍርሃቱን እኮ ሠርጋችን ቀን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር።

«ለእሷ ስትነግራት ለእኔ የማትነግረኝ ለምንድን ነው?»

«አልነገርኳትም፣ እሷ ናት የደረሰችብኝ። ጎን ተቀምጣ እንዴት ትስተዋለች?» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ለአንቺ ብነግርሽ ምን እንደምታደርጊ አውቃለሁ። ወጥ ቤትሽን ትለቂና መጥተሽ መሪውን ትይዢ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንቺ በእግርሽ ሥራ እንደምትገቢ እያሰብኩ ነበር የምነዳው። አንዳችን እንኳ እዚያው እንዋል ብዬ ነው፣ ትዋይላ። አንዳችን እንኳ።»

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። እሱ ወጥ ቤቴን እንዳልለቅ ደበቀኝ፤ እኔ ስለደበቀኝ ለቀቅኩት። አሁን ወጥ ቤቱም የለ፣ ቦታው ተዘግቷል፣ ልጆቹ የሌላ ከተማ ሾርባ ቀዝቅዞ ይመጣላቸዋል።

«ውረድ» አልኩት።

መሪውን ያዝኩ። እስከ ሊንከን ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ፤ ማታም እንዲሁ ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ከመስቀያው አንስቼ ቀድሜ ወጣሁ። ኤልዊን ጋቢናውን አልፎ የኋላውን በር ከፈተና ገባ። እፍረት ነው፣ ገብቶኛል። ግን ደግሞ ያ የኋላ ወንበር ማርሊስ የምትገባበት ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሷ መንገዱን እየነገረችው፣ እኔ እንደ ታክሲ ነጂ ጀርባዬን ሰጥቼ ስሄድ ታየኝ። ና ወደ ፊት አላልኩትም። ሴት ባሏን ና ከጎኔ ተቀመጥ ብላ ትለምናለች? ይቅር፣ አልኩ፤ አሞራ ይብላኝ እንጂ አልለምንም።

ማርሊስ ቤት ደርሰን ቆምኩ። የኋላውን በር ከፈተች፤ ኤልዊንን እዚያ አየችው። አልገባችም። ብርዱ ወደ ውስጥ እየገባ በሩን ይዛ ቆመች።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«ተቀምጫለሁ።»

«ውረድ። ቦታህ ፊት ነው።»

«ማርሊስ…»

«ውረድ ብዬሃለሁ። በርዶኛል።»

ወረደ። መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ቀበቶውን ለመሰካት ቀዳዳውን በዳበሳ ሲፈልግ አይቼ እጁን ይዤ ሰካሁለት። አላመሰገነም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ማርሊስ ከኋላ ጥግዋን ያዘች፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ስንነሳ በስፖኪዮ አየኋት፤ ለማልቀስም ለመተኛትም የተዘጋጀች አትመስልም፣ ውጭውን ብቻ ታያለች።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ የኤልዊን እግር የሌለ ፍሬን ይረግጥ ጀመር። ጭኑን በሁለት እጁ ይዟል። አንድ ነገር ካልነገሩት መንገዱ ለእሱ ገደል ነው። ማርሊስ ትንፍሽ አላለችም። ለእኔ እንደተወችልኝ ገባኝ፤ ይህም አናደደኝ፣ መስጠትም የእሷ ሆነ ብዬ።

«ዛፍ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «በግራ ዛፍ አለ። የቮትሩባዎች ቤት፣ መብራታቸው በርቷል። አጥር። ሌላ አጥር። የፖስታ ሣጥን። ዛፍ።»

ኤልዊን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር።

«ዛፉን ተይው ትዋይላ» አለ። «ዛፍ አይራመድም።»

«ምኑን ልንገርህ ታዲያ?»

«የሚንቀሳቀሰውን።»

«እሺ። ከፊታችን የእህል መኪና አለ፣ ራቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ ነው። ከኋላ አንድ ችኩል መጥቷል፤ ይለፍ፣ ለቀብሩ ይድረስ። አሁን አለፈን። ከፊት ምንም የለም።»

እግሩ ፍሬን መርገጡን ተወ። እጆቹ ከጭኑ ላይ ላላ አሉ። ስንት ጊዜ ስጠብቀው የኖርኩትን ያን የድሮ ድምፁን፣ ጎርሶ የሚያወራበትን፣ ከጎኔ ሰማሁት።

«የጀመረኝን ቀን ልንገርሽ» አለ። «መጀመሪያ የመስታወቱ ጭጋግ ነበር የመሰለኝ። ጠረግኩት፣ ጠረግኩት፣ አልሄድ አለ። እጄን ከፊቴ ወደ ጎን ስወስደው ጣቴ የት ጋ እንደሚጠፋ ለካሁ፣ እየነዳሁ፣ አስቢው። በስተርጅናው በዳበሳ ይሄድ የነበረውን አባቴን አሰብኩት። ከዚያ አንቺን። ኅዳር ነበረ መሰለኝ፣ ኅዳር መጀመሪያ።»

«ጥቅምት ነው» አለች ማርሊስ ከኋላ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር። «በቆሎው ገና አልታጨደም ነበር።»

ኤልዊን ወደ እኔ ዞረ፤ ሊያየኝ እንደማይችል አውቃለሁ፣ ግን ዞረ። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። የእህል መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ።

«ጥቅምት ይሁን» አልኩ። «ከዚያስ? ቀጥል።»